ዘዴው የተቋረጠ ዕለት

የታመመን አእምሮ የሚያክመው ምንድን ነው? የሐኪሙ ዕውቀት? መድኃኒቱ? የሚያዳምጥ ሰው መገኘቱ? ወይስ ማታ በሩን ገፋ አድርጎ «እንደምን አመሻችሁ» የሚለው ጎረቤት? ሁሉም በተሟሉበት ጊዜ ይህ ጥያቄ ትርፍ ይመስላል፤ የትኛው ምን ይሠራ እንደነበር የሚታወቀው አንዱ ሲጎድል ነው። ባለፉት ዓመታት በምሥራቅ ጎጃም አንዱ ብቻ ሳይሆን ብዙዎቹ በየተራ ጎድለዋል። ቢቸናንና ሞጣን ለዚህ ሐተታ የመረጥኳቸው ስለዚህ ነው።

ሁለቱ ከተሞች ከደጀን ተነሥቶ በደብረ ወርቅና በአዴት አድርጎ ባሕር ዳር በሚያደርሰው መንገድ ላይ ይገኛሉ። ሁለቱም ሆስፒታል አላቸው። የአእምሮ ሐኪም ፍለጋ ግን ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ወደ ባሕር ዳር፣ ካልሆነም ወደ አዲስ አበባ መሄድ ነው። ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በኢትዮጵያ የአእምሮ ሆስፒታል ማለት በጣሊያን ወረራ ዘመን የተመሠረተው አማኑኤል ብቻ ነበር። በአገር ውስጥ የሳይካትሪ ስፔሻሊስት ማሠልጠን የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አብዛኛውን ሸክም የተሸከሙት የሳይካትሪ ነርሶች ናቸው። ስለዚህ ለገጠሩ ሰው ሕክምና ከመድኃኒትም ከሐኪምም በፊት መንገድ ነው፤ የመኪና ታሪፍ፣ የማደሪያ ብር፣ ታማሚውን ይዞ የሚሄድ ጉልበተኛ ዘመድ።

ክርክሩ አየር ላይ እንዳይንሳፈፍ አንዲት እናት እናስብ። ከሞጣ ርቆ ባለ ቀበሌ ትኖራለች። ልጇ ሃያ ምናምን ዓመቱ ነው፤ ማንም የማይሰማውን ድምፅ ይሰማል፣ ሌሊት ተነሥቶ ወደ ገደሉ ይሄዳል። አባት እርሻ ላይ ነው። እሷም ውኃ መቅዳት፣ እንጨት መልቀም፣ ገበያ መውጣት አለባት። ልጁን ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ሰው ሲታጣ ገመድ ይመጣል፤ ገመዱ ሲበጠስ ሰንሰለት። ከሩቅ የሚያይ ሰው ይህን ጭካኔ ይለዋል። እኔ ግን ሰንሰለቱ የሚነግረን ስለ ቤተሰቡ ልብ መደንደን አይመስለኝም፤ በአካባቢው ስለጎደለው ነገር ነው። ሰንሰለት የሚፈታው የሚያረጋጋ መድኃኒትና የሚጠብቅ ሰው አንድ ላይ ሲገኙ ነው። መድኃኒቱ ብቻውን ቢመጣ የሚያስታውሰው ያጣል፤ ጠባቂው ብቻውን ቢመጣ ይደክመዋል።

ይህች እናት ሆስፒታል ከመሄዷ በፊት ጠበል ወስዳዋለች፤ የንስሐ አባቷን አማክራለች። ይህን እንደ ኋላ ቀርነት የሚቆጥር የጤና ባለሙያ ዛሬም አይጠፋም፤ እኔ አልስማማም። ጠበል ቦታ ከሃይማኖቱ ሌላ ያለውን ማየት ነው፦ ታማሚውን የማያባርር ግቢ፣ ሌላም እንደሱ የታመመ ሰው፣ አስታማሚ ለአስታማሚ የሚመካከርበት ጥላ። አዲስ አበባ እንጦጦ ማርያም ጠበልና የሳይካትሪ ሕክምና አብረው እንዲሄዱ ተሞክሮ፣ ታማሚው እየተጠመቀ መድኃኒቱንም እንዲወስድ ካህንና ሐኪም ተባብረዋል። ሁለቱ ሲተባበሩ ታማሚው ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ከመባል ተርፏል።

እንግዲህ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ተነገረ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። መጨባበጥ ተከለከለ፣ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ፣ መኪና የሚጭነው ሰው በግማሽ ተቀነሰና ታሪፍ ተጨመረ። ሚያዝያ 11 ቀን የዋለው ፋሲካ ምእመናን በየቤታቸው ሆነው በቴሌቪዥንና በሬዲዮ የሚከታተሉት ሆነ። ለተላላፊ በሽታ ክልከላው ትክክል ነበር፤ በዚህ አልከራከርም። የምመረምረው ክልከላው ሳያውቅ የነካውን ነገር ነው።

ለቅሶን እንውሰድ። በጎጃም ሰው ሲሞት ሐዘንተኛው ብቻውን አይተውም። ድንኳኑ፣ እድሩ፣ ሙሾው፣ ሠልስቱ፣ ከሩቅ አገር አፈር ለብሶ የሚደርሰው ዘመድ፣ «በቃ፣ እህል ቅመስ» ብሎ የሚገሥጸው ሽማግሌ፣ ሁሉም የየራሱ ሥራ አለው። ማንም የአእምሮ ሕክምና አይለውም፤ በጀትም የለውም፤ ሪፖርትም አይደረግም። ነገር ግን ሐዘን ወደ ሕመም እንዳይለወጥ የሚይዘው ቅጥር ይህ ነው። ሐዘንተኛውን በዐይኑ የሚያይ፣ መብላት አለመብላቱን የሚያውቅ፣ ዐርባው ሲደርስ ተመልሶ የሚመጣ ሰው በውስጡ አለ። ወረርሽኙ በሽታን ለመከላከል ሲል የከለከለው በትክክል ይህንኑ ነው። ሰንበቴና ማኅበርም እንዲሁ። የጤና ተቋም ሲቋረጥ በቁጥር ይታወቃል፤ የቀጠሮ መዝገብ አለውና። ለቅሶ ሲቋረጥ ስንት ሰው ምን እንደጎደለበት የሚመዘግብ የለም።

በተመዘገበው በኩል ያለውም ቀላል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆች 2020 ይፋ ባደረገው የ130 አገሮች ጥናት 93 ከመቶው ቢያንስ አንዱ አስፈላጊ የአእምሮ ጤና አገልግሎታቸው ተስተጓጉሎ ወይም ቆሞ ነበር። 70 ከመቶው መውጫውን በስልክና በኢንተርኔት ሕክምና ፈለጉት። ከሀብታሞቹ አገሮች ይህን ያደረጉት ከ80 ከመቶ በላይ ሲሆኑ፣ ከድሆቹ ግን ግማሽ አይሞሉም። ይህን አይቶ «ቴክኖሎጂ ክፍተቱን ሞላ» ማለት ይቀላል። ለማን ሞላ የሚለው ግን በየአገሩ ለየብቻ የሚጠየቅ ነው።

የስልክ ሕክምናን በጎ ጎን አስቀድሜ ልናገር፤ አለበለዚያ ክርክሩ አድሏዊ ይሆናል። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የሚማር የቢቸና ልጅ ጭንቀት ይዞት እንቅልፍ ቢያጣ፣ የአእምሮ ክፍል በር ላይ ቆሞ የአገሩ ሰው እንዳያየው ይፈራል። ለእሱ ፊት የማይታይበት መስመር ከማንኛውም ክሊኒክ ይሻላል። ፊት ለፊት የማይወጣ ነገር በስልክ ይወጣል፤ ሐኪም ሁሉ ይህን ያውቃል። ጭንቀትንና ቀላል ድብርትን በንግግር ማከም በስልክም ቢሆን ይሠራል። ስለዚህ «ስልክ ሕክምና አይሆንም» የሚል ሰው ተሳስቷል።

ነገር ግን ስልክ የሚያደርሰው ምንን ነው? ድምፅን። የእናቲቱ ልጅ ሕመም የሚታወቀው ደግሞ በድምፅ ብቻ አይደለም። ገላውን መታጠቡን፣ የቀረበለትን እንጀራ መንካቱን፣ ዐይኑ ወዴት እንደሚመለከት፣ ሃሎፔሪዶል ከተባለው መድኃኒት የተነሣ እጁ መንቀጥቀጡን፣ አረማመዱ መድረቁን የሚያየው ሰው በአጠገቡ ያለ ነው። የመንቀጥቀጡ ነገር ትንሽ አይደለም። ብዙ ታማሚ መድኃኒቱን የሚያቆመው ሰውነቱ ሲደርቅበት ነው፤ ያን ጊዜ ነርሷ ካየች መጠኑ ይቀነሳል ወይም ማርከሻ ይሰጠዋል። በስልክ «እንዴት ነህ?» ቢባል «ደህና ነኝ» ይላል። እንኳን እሱ፣ እኛም ደህና ነን እንላለን።

ስልኩስ የማን ነው? በብዙ ገጠር ቤት ስልክ የቤት ዕቃ ነው፤ በአባትየው ኪስ ይውላል፣ ቻርጅ የሚደረገው ገበያ ቀን ከተማ ነው። ባሏ የሚመታት ሴት በባሏ ስልክ ስለ ድብርቷ ለማን ትናገራለች? ምሥጢር ተጠብቋል የሚባለው በሐኪሙ በኩል ነው፤ በታማሚዋ በኩል ጎጆው አንድ ክፍል ነው።

ከሐኪም ድምፅ አልፎ የማሽን ድምፅ የሚመክሩም አሉ። ይህ ሐሳብ የዛሬ አይደለም። በፈረንጆች 1966 ጆሴፍ ዋይዘንባውም የሚባል የኤምአይቲ ሊቅ ኤላይዛ የተባለ፣ ሰው የጻፈለትን ወደ ጥያቄ እየለወጠ የሚመልስ ፕሮግራም ሠራ። ምንም እንደማይገባው ሠሪው ያውቃል፤ ነገር ግን ሰዎች ልባቸውን ሲከፍቱለት አየና ደነገጠ፤ ከዐሥር ዓመት በኋላም ኮምፒውተር ሊሠራው ቢችል እንኳ ሊሰጠው የማይገባ ሥራ አለ ብሎ በመጽሐፍ ተከራከረ። የዛሬዎቹ ማሽኖች ከኤላይዛ እጅግ የረቀቁ ናቸው፤ አማርኛም እየለመዱ ነው። እኔ ግን ጥያቄውን ማሽኑ ይገባዋል አይገባውም በሚለው አላቆመውም። ቢገባውስ? ልጁ ወደ ገደሉ ሲሄድ ተነሥቶ ክንዱን አይይዘውም። የሞጣዋ እናት የጎደላት የሚያዳምጣት አይደለም፤ ተራ የሚቀበላት ነው።

ሌላም ነገር አለ፤ መዝገብ። ማንኛውም የስልክ አገልግሎት ማን እንደታመመ፣ በምን እንደታመመ ጽፎ ያስቀምጣል። ቢቸናና ሞጣ መዝጋቢን በደስታ የተቀበሉ አገሮች አይደሉም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ በጎጃም ትልቁ የገበሬ ዐመፅ የተነሣው በእነዚህ ወረዳዎች ነው። ገበሬው የጠላው ግብሩን ብቻ አልነበረም፤ መሬቱን አይቶ፣ ገምቶ፣ ጽፎ የሚሄደውን ሰው ነው። የተጻፈ ነገር ነገ በምን እንደሚመለስበት አያውቅምና። መንግሥት በጦር ሠራዊትና በአየር ኃይል ሳይቀር ሞክሮ፣ በመጨረሻ ያደረው ግብር ተምሮ፣ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከቦታው ተነሡ። የዚያ ገበሬ የልጅ ልጆች ዘንድ ሄዶ «በቤታችሁ የአእምሮ ሕመምተኛ አለ?» ብሎ በታብሌት ለሚሞላ ሰው ይህ ተራ ታሪክ አይደለም። ሴት ልጅ ለጋብቻ ስትታጭ የሚጣራው ዘር ነው፤ «በቤታቸው በሽታ አለ» የሚል ወሬ እጮኛ ያስቀራል። አገራችን በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ን አውጥታለች፤ መልካም ነው። ገበሬው የሚያምነው ግን አዋጁን ሳይሆን ጻፊውን ነው፤ ስለዚህ ጻፊው የሚያውቀው ሰው ቢሆን ይሻላል።

እስከዚህ ያለው የታወቀ ክርክር ነው፤ በየትኛውም አገር ሊባል ይችላል። ምሥራቅ ጎጃምን የሚለየው ቀጥሎ የመጣው ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ጦርነት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘጋ፤ መንገዱ በየጊዜው ተቆረጠ። እዚህ ላይ ማን ጥፋተኛ ነው የሚለው የዚህ ሐተታ ጉዳይ አይደለም። የሚገርመኝ የሁለቱ መከራዎች ተቃራኒነት ነው። በ2012 አካል ተከለከለ፣ ድምፅ ተፈቀደ፦ አትምጡ፣ ደውሉ ተባለ። በ2015 ድምፅም ታነቀ፣ አካልም መንገድ ላይ አደጋ ሆነበት። በመጀመሪያው መከራ «ከእንግዲህ ሕክምናው በመስመር ላይ ይሆናል» ብሎ ሁሉን እዚያ ያዛወረ ሥርዓት ቢኖር ኖሮ፣ በሁለተኛው መከራ ታማሚዎቹን ባዶ እጃቸውን ይጥላቸው ነበር። ብዙም ያልተዛወረው በድህነታችን ነው፤ ለአንድ ጊዜ እንኳ ድህነት ጠቀመን ልበል?

ስለዚህ የምለው ይህ ነው። ስለ አእምሮ ሕክምና አዲስ ዘዴ የሚያቀርብ ሰው ዘዴው ሲሠራ ምን ያህል እንደሚያመች ይነግረናል። እኛ ግን መጠየቅ ያለብን የተቋረጠ ዕለት ታማሚውን የት እንደሚያገኘው ነው። አንዳንድ ሕመም አንድ ወር ሕክምና ቢያጣ ካቆመበት ሊቀጥል ይችላል። የእናቲቱ ልጅ ግን በየወሩ የሚወጋው መርፌ ሲያልፈው ድምፆቹ ሊመለሱ ይችላሉ፣ ሰንሰለቱም ይመለሳል፤ ከዚያም በላይ ልጁ ዳግመኛ ሐኪም አያምንም። መቋረጡ ራሱ ሕመም ይጨምራል።

አንድ ተቃዋሚ እንዲህ ሊለኝ ይችላል፦ «በዚህ መለኪያ ሆስፒታሉም ይወድቃል። መንገድ ሲዘጋ ሞጣ ሆስፒታል ለቀበሌው ሰው ከአዲስ አበባ እኩል ሩቅ ነው። ስለዚህ መለኪያህ ሁሉን የሚጥል እንጂ የሚያስመርጥ አይደለም።» ጥሩ ተቃውሞ ነው። መልሴ፦ አዎ፣ ሆስፒታሉም ይወድቃል፤ የማይወድቁ ነገሮች ግን አሉ፣ መለኪያውም እነሱን ያሳየናል። በሁለቱም መከራ መሐል በቦታው የቀረው ምን ነበር? ጎረቤቱ። በየቀበሌው የተመደበችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ። ቀድሞ የደረሰ መድኃኒት። እነዚህ መስመርም መንገድም በየዕለቱ አይጠይቁም።

ጎረቤት ማየት ይችላል ወይ ለሚለው ማስረጃ ከራሳችን አገር አለ። በቡታጅራ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በተካሄደው ሰፊ የከባድ የአእምሮ ሕመም ጥናት፣ ቤት ለቤት በመጠይቅ ከሚደረገው ፍለጋ ጎን ለጎን የአካባቢውን ሰው የሚያውቁ የቀበሌ ሰዎች ታማሚዎችን ጠቁመዋል። በስኪዞፍሬኒያ ከተያዙት አብዛኞቹ ሕክምና አግኝተው አያውቁም ነበር፤ ጎረቤት ያውቃቸዋል፣ ጤና ተቋም አያውቃቸውም። በኋላም በአገራችን በተደረገ ሙከራ፣ አጭር ሥልጠና የወሰዱ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ከባድ ታማሚዎችን ሲከታተሉ ውጤታቸው በሳይካትሪ ነርስ ከሚሰጠው ሕክምና እንደማያንስ ታይቷል። ከዚምባብዌም አንድ ልጨምር። ዲክሰን ቺባንዳ የተባለ ሐኪም ከፈረንጆች 2006 ጀምሮ በክሊኒክ ግቢ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው የሰው ጭንቀት የሚያዳምጡ አሮጊቶችን አሠልጥኗል። ወረርሽኙ ሲመጣ አገልግሎቱ በከፊል ወደ ዋትስአፕ ሄደ። መስመሩን የተጠቀሙበት ሰዎቹ አስቀድመው ስለነበሩ ነው፤ አሮጊቶቹን የወለደው ዋትስአፕ አይደለም።

ከዚህ ስልክ ቦታው የት እንደሆነ ይታያል። በታማሚውና በሐኪሙ መካከል ሳይሆን በቢቸና ነርስና በደብረ ማርቆስ ስፔሻሊስት መካከል። ነርሷ ታማሚውን አይታለች፤ መንቀጥቀጡን አይታለች፤ የማታውቀው መጠኑን ምን ያህል እንደምትቀንስ ነው። ለዚህ ኢንተርኔት እንኳ አያስፈልግም፤ የአምስት ደቂቃ ጥሪ ይበቃል። መስመሩ ቢቋረጥ ባለፈው ሳምንት የተማረችው አብሯት ይቀራል፤ ለሚቀጥለው ታማሚ ደግማ መጠየቅ አይኖርባትም።

መድኃኒቱም እንዲሁ። ኢትዮጵያ ለተረጋጉ የኤችአይቪ ታማሚዎች የ6 ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ መስጠት የጀመረችው ከኮሮና በፊት ነው፤ ወረርሽኙ ሲመጣ ይህ ቀድሞ የተሠራ ሥራ ብዙ ሰው ከጉዞ አድኗል። ለአእምሮ ታማሚ ለምን ይህ አይሆንም? እውነተኛ መከልከያ አለ፤ አሚትሪፕቲሊንን የመሰለ መድኃኒት በብዛት ቢዋጥ ይገድላል፣ ሕይወቱን ለማጥፋት የሚያስብ ሰው ቤት ስድስት ወር የሚበቃ መድኃኒት ማስቀመጥ አይቻልም። ነገር ግን ይህ መከልከያ ቤት አታስቀምጡ ይላል እንጂ አዲስ አበባ አስቀምጡ አይልም። ወር የሚያቆየው የፍሉፌናዚን መርፌ በአቅራቢያው ጤና ጣቢያ ቢቀመጥ፣ የሚወጋም ሰው በዚያው ቢሠለጥን፣ ከቤቱም ከሆስፒታሉም መካከል ይሆናል። ለኤችአይቪ የታሰበው ያህል ለአእምሮ ሕመም ያልታሰበው ስለማይቻል አይመስለኝም። የአእምሮ ታማሚ ሰልፍ ወጥቶ አይጠይቅም፤ ቤተሰቡም ስለሚያፍር ይደብቀዋል።

ለሞጣና ለቢቸና የአእምሮ ጤና መተግበሪያ ለመሥራት ገንዘብ የያዘ ድርጅት ወይም ቢሮ ካለ አልከለክለውም። ከመጀመሩ በፊት ግን ሦስት ነገር እንዲያጣራ እጠይቀዋለሁ፦ በጤና ጣቢያው መጋዘን ለሦስት ወር የሚበቃ ፍሉፌናዚንና ሃሎፔሪዶል አለ? ነርሷ በችግሯ ሰዓት የምትደውልለት ሐኪም በስም ተመድቦላታል? የዚያች እናት ልጅ የመርፌ ቀን መቼ እንደሆነ ከእሷ ሌላ የሚያውቅ አንድ ሰው በቀበሌዋ አለ? ከሦስቱ አንዱ እንኳ ከጎደለ ገንዘቡን መጀመሪያ እዚያ ላይ ያውል።